«የት አይተውት?»፦ በደሴ የአንድ ዐውደ ርዕይ ዳኝነት

ፎርሙ ላይ «ሥራው የተጠናቀቀበት ዓመት» የሚል ሳጥን ነበር። ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከቀረቡት 61 ሥራዎች በ60ው ላይ ሳጥኑ ተሞልቷል፤ በአንዱ ላይ ባዶ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ አንዱ፣ አንድ የሰበዝ ስፌት ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ዙሪያውን መዞር ስላለብኝ ትንሽ ታገሡኝ።

በ2015 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎ ሠዓሊያንና የእጅ ባለሙያዎች ሥራ በዳኞች ተመርጦ የሚታይበት ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅ የዳኞቹ ጸሐፊ ነበርኩ። ያዘጋጀውን ክፍልም ሆነ ሰዎቹን በስም አላነሣም። ከዚህ በታች ከምናገረው ስሕተት ግማሹ የእኔው ነው፤ ቀሪውን ደግሞ ማንም አዘጋጅ ነገ ሊደግመው ይችላል።

ጥሪው

ከተማዋ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ያየችውን አይታለች። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። ዓመት ካለፈ በኋላ «ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር ይኑረን» የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ተቃዋሚ አልነበረውም። ክርክሩ የተነሣው «ማን ይሰቀል?» በሚለው ላይ ነው። በግብዣ ብናደርገው የምናውቃቸውን ብቻ ልንጠራ ነው። ለሁሉም ብንከፍተው አዳራሹ ከ30 ሥራ በላይ አይችልም። ስለዚህ ማንም ያመልክት፣ ዳኞች ይምረጡ ተባለ።

ጥሪው የወጣው ጥር ላይ ነው። ሁለት ገጽ ቢሆንም ሰው ያነበበው ሁለት መስመር ነው፦ «ማንኛውም ሚዲየም ይፈቀዳል» እና «ሦስት ፎቶ በቴሌግራም ይላኩ»። የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። እኛ ጋ የተለመደው ሥዕሉ ግድግዳ ላይ፣ ስፌቱና ሸማው ጠረጴዛ ላይ፣ ያውም ከማርና ከበርበሬ ጎን ነው። ይኼን እንሰብራለን ብለን ነበር።

ሥራውም መጣ። የዘይትና የአክሪሊክ ሥዕል እንደተጠበቀው በዛ። ጦሳ ተራራ ብቻውን ሰባት ጊዜ ቀርቧል፤ ከጉም ጋርም፣ ያለ ጉምም፣ አንዴም ሐምራዊ ሆኖ። ከሥዕል ውጭ ያለው ግን አስደነቀን። የኮምቦልቻ ብየዳ ሠራተኛ ከቁርጥራጭ ብረት አንድ በሬ ሠርቶ ላከ፤ ሻኛው የመኪና ማርሽ ነው። ከደጋው በኩል በጥቁርና በነጭ የበግ ጠጉር የተሠራ ባና መጣ፤ መሐሉ ላይ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ቆሟል። በእንጨት ላይ የተሣለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። በፍየል ቆዳ ላይ የተጻፈ መንዙማም ነበር፤ ፊደሉ ዓረብኛ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ የወሎ ሼሆች ሲጽፉበት የኖሩት ዐጀም ማለት ነው። አንድ ስፌትም ነበር።

የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው፣ የካቲት 2 ቀን፣ በመላ አገሪቱ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ተዘጉ። ቪፒኤን ያለው መላኩን ቀጠለ፤ የሌለው በፍላሽ ይዞ ፒያሳ ድረስ መጣ። ከራቅ ያለ ቦታ ያለው ምን እንዳደረገ እንጃ። እኛ ቀኑን በአንድ ሳምንት አራዘምን፤ መራዘሙን ያስታወቅነው ደግሞ በቴሌግራም ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቀላል።

ነጥብ አሰጣጡ

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ፣ ደሴ ላይ ለብዙ ዓመት ሥዕል ያስተማሩ አንጋፋ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለተኛዋ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን ታስተምራለች። ሦስተኛዋ ከአዲስ አበባ በስልክና በኢሜይል የምትሳተፍ ሠዓሊ ናት። አንድ ሰው ከውጭ እንዲሆን የፈለግነው ሆን ብለን ነው። ደሴ ሰፊ ከተማ ብትሆንም ሠዓሊው አንድ ሻይ ቤት ይሞላል። ጋሼ ያላስተማሩት ሠዓሊ ጥቂት ስለሆነ ስም ብንሸፍንም ብሩሹን ያውቁታል። ያስተማሩት ሰው ሥራ ሲመጣ ነጥብ እንዳይሰጡ፣ የሁለቱ ድምር ከ20 ተይዞ በ1.5 ተባዝቶ ወደ 30 እንዲለወጥ ተስማማን።

እያንዳንዱ ዳኛ ከ10 ይሰጣል፦ ለፈጠራ 4፣ ለሙያ ብቃት 4፣ ለአቀራረብ 2። ተደምሮ ከ30 ቢያንስ 21 ያገኘ ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው።

እክሉ የታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲቀርብ ነው። ሠዓሊው ከአባቱ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ፈረሱ ነጭ፣ ዘንዶው ከታች፣ ዓይኖቹ እንደ ጥንቱ ትልልቅ። ለፈጠራ ስንት ይሰጠው? ከደሴ እምብዛም በማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ነው፤ ሥዕሎች አሉበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዚህ ሙያ ሰው የሚመሰገነው የተቀበለውን ሳያዛባ በማስተላለፉ ነው። የእኛ ፎርም ግን ሳያዛባ ላስተላለፈው ሰው «ፈጠራ፦ 1» ይላል። ጋሼ ወረቀቱን አንሥተው «ይቺ ሣጥን የእኔን ትምህርት ቤት እንጂ የእሱን አታውቅም» አሉ። ሁለቱ ዳኞች በሙያው ላይ ሙሉ ነጥብ ስለሰጡት አለፈ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ቆዳው ላይ ከተጻፈው መንዙማ ፊት ደግሞ ሦስቱም ማንበብ የማይችሉ ዳኞች ነበሩ። ዲዛይነሯ መስመሩን፣ ቦታ አያያዙንና ቀለሙ ቆዳው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ዳኘች። ጽሑፉን ግን አንድ አዋቂ ጠርተን አስነበብን። አንድ ቃል ላይ ነጥብ ተዘሏል አሉን። «ይኼ ስሕተት ነጥብ ያስቀንሳል?» ብንላቸው «ነጥቡን እሱ ይጨምረዋል፤ እናንተ የእናንተን ነጥብ ስጡ» ብለው አሳቁን።

ድምር ራሱ የሚያደርገውን ነገር ደግሞ ያየሁት ውጤቱን ስገለብጥ ነው። ባናው ከሁለቱ ሴቶች 9 እና 9፣ ከጋሼ 2 አገኘ፤ ድምሩ 20፣ ወደቀ። አንድ የጦሳ ሥዕል ከሦስቱም 7፣ 7፣ 7 አገኘ፤ ድምሩ 21፣ አለፈ። ሁለት ሰው በጣም የወደደውን ጥለን ማንም ያልጠላውን አነሣን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀመር ሳይሰለች የሚያሳልፈው ለዘብ ያለውን ሥራ ነው። ለዳኞቹ ሳሳያቸው «አንድ ዳኛ 9 ከሰጠ ሥራው ለውይይት ይቀመጥ» የምትል መስመር ጨመርን፤ ባናው በዚያች መስመር ተመለሰ። በምትኩ 21 ካገኙት የጦሳ ሥዕሎች አንዱን በዕጣ አስወጣን። ለባለቤቱ ግን ይህን የነገርነው ዘግይተን ነው።

ስፌቱ፣ በፎቶ

ፎቶው የተነሣው ማታ ነው፤ አምፖል በርቷል፣ ፍላሹም ፈንድቷል። ስፌቱ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል። ከሦስቱ ፎቶ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። የላከው ስፌቱን የሰፉት እናት የወንድም ልጅ ነው። የላከውም በፋይል ሳይሆን እንደ ተራ ፎቶ ስለሆነ ቴሌግራም ጨምቆታል። አጉላው ብትል የሚታየው ብዥታ ነው።

ሚዲየም፦ ስፌት። ልክ፦ ባዶ። የተጠናቀቀበት ዓመት፦ ባዶ። መግለጫ፦ ባዶ።

ጋሼ 3 ሰጡ፤ ኅዳጉ ላይ «ደኅና ሌማት ነው፣ ግን ሌማት ነው» ብለው ጻፉ። ከአዲስ አበባ 4 መጣ፤ «ያላለቀ ይመስላል»። ከኮምቦልቻ 8፤ «የውጭኛው ቀለበት በምን ነው የተሰፋው? አልታይ አለኝ»። ድምር 15። ውይይትም አላስፈለገውም፣ ሰባት ደቂቃ ያህል እንኳ አልፈጀም። ውጤቱን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። የተመረጡት 30 ሥራቸውን እንዲያመጡ ቀን ተቆረጠ።

ስፌቱ፣ ወለል ላይ

ሥራ የምንረከብበት ቀን መጋቢት መጀመሪያ ነበር። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ሸራቸውን የሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነው ሐረጎን ወጥተው ይደርሳሉ። ብረቱ በሬ በአይሱዙ መጣ። እኔ በር ላይ ዝርዝሩን ይዤ የመጡትን ስም እየሰረዝኩ ነኝ።

አንዲት ትልቅ እናት በነጠላ የተጠቀለለ ክብ ነገር በጀርባቸው አዝለው ገቡ። ስማቸውን ዝርዝሩ ውስጥ ፈለግሁ። የለም። ሲገባኝ ላብ አሰመጠኝ።

«እትዬ፣ ውጤቱ በቴሌግራም ወጥቶ ነበር እኮ።»

«ቴሌግራም ተዘግቷል አለኝ ልጁ።»

«አዎ፣ ግን… የእርስዎ አልተመረጠም።»

«ማን አይቶት?»

«ዳኞቹ።»

«የት አይተውት? እኔ ቤት ማን መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እንግዳ ሲደነግጥ እንደሚባለው «አብሽር» አሉኝና ነጠላውን ፈቱት። ወለሉ ላይ አኖሩት።

አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብ ነው። ስፌት ከመሐል እንደሚጀመር፣ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተጠመጠመ ወደ ውጭ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። ፎቶው ላይ ግን ያላየነው ይኼንኑ ነው። መሐሉ በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ የተነከረ ሰበዝ ነው፤ ሐረጉ እንደ ኮከብ ተከፍሎ፣ ስፌቱ ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ። ከዚያ ሐረጉ በአንድ ቦታ ቁርጥ ይላል። ሦስት ጣት ስፋት ያህል ቀለም የለም፤ ያልተነከረ ሰበዝ ብቻ ይዞራል። ከእሱ ቀጥሎ ነጭ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ፤ ሰበዝ አይደለም። ተንበርክኬ ነካሁት። የጆንያ ክር ነው። የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ጆንያ ተርትረው፣ ክሩን በወስፌ አስገብተው ሰፍተውበታል። ጆንያው ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ክሩም ሰማያዊ ጠብታ ጠብታ ይዟል። ፊደሎቹ ተበትነው በቀለበቱ ዙሪያ ነጠብጣብ ሆነዋል፤ አንድም ፊደል አይነበብም። ከዚያ ውጭ ቀይ ይመለሳል። ግን መሐል ያለው ቀይ አይደለም፣ ጠቆር ይላል።

«ይኼ ከጦርነቱ በፊት ነው» አሉ በጣታቸው መሐሉን። «ይኼ ጊዜ ሰኞ ገበያ ቀለም አልነበረም። ይኼን ጊዜ ሰበዙም አልነበረም። ይኼ አሁን ነው፤ የአሁኑ ቀለም ደግሞ ልብ የለውም፣ ቶሎ ይለቃል።»

ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን ቢጤ ፈልጌ ነበር፤ የለም። ስለ ቀለም ነው የሚያወሩት። ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ ተናደዋል።

ጋሼ ከበስተኋላዬ ቆመው ኖሯል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አድርገው፣ ዝቅ ብለው ብዙ አዩ። «ይኼ ፎቶው ላይ አልነበረም» አሉ። ቀጥለውም «ነበረ። እኔ ሌማት መስሎኝ ነው» አሉ። የኮምቦልቻዋ ዳኛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ክሩን በጥፍሯ እየዳሰሰች ነበር። አዲስ አበባ ደውለን በቪዲዮ ልናሳያት ስንል ሦስተኛዋ ዳኛ እምቢ አለች። «በስልክ አይቼ አንዴ ተሳስቻለሁ፤ አሁን በስልክ ደግሜ አልሳሳትም። ሁለታችሁ ስጡ።» ጋሼ 8፣ ዲዛይነሯ 9 ሰጡ። አሥራ ሰባት በ1.5፣ 25.5። 15 የነበረው ማለት ነው።

እርማቱ የወለደው ቅሬታ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቆንጆ ነበር። ዳኞቹ ስፌቱን ያስገቡ፣ እልልታ፣ ጨረስን። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ። እጄ ላይ የወደቁ የሌሎች 30 ሥራዎች ዝርዝር አለ። እነሱን ማን ወለል ላይ አይቷቸዋል?

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተከራከርነውን ያህል ምርጫውን ስናደርግ አልተከራከርንም። ጋሼ የፓሪሱን ነገር አነሡ፦ እ.ኤ.አ. በ1863 «የፓሪስ ሳሎን» የሚባለው ትልቅ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ዳኞች ብዙ ሺህ ሥራ ጥለው ጩኸት ሲበዛ ናፖሊዮን ሦስተኛ የወደቁት ለብቻቸው በሌላ አዳራሽ እንዲታዩና ሕዝቡ እንዲፈርድ አዘዘ፤ ከወደቁት አንዱ ሠዓሊው ማኔ ነበር። «እኛም ለወደቁት ሌላ አዳራሽ እንፈልግ» አሉ። ዲዛይነሯ ሳቀች፤ «ጋሼ፣ አንዱን አዳራሽ ያገኘነው በስንት ልመና ነው።» እሷ ያቀረበችው የወደቁት ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ሥራቸውን ይዘው እንዲመጡ፣ በአካል እንድናያቸው፣ ከተመረጡት ግን ማንም እንዳይነሣ ነው። ግድግዳው ይጥበብ ተባለ። ለሁሉም ደወልን፤ በዚህ ጊዜ በስልክ እንጂ በቴሌግራም አይደለም።

ስፌቱን ጨምሮ 11 ሥራ መጣ። ስፌቱን ጨምሮ 4 አለፈ። ሁለተኛው ዙር ላይ ያስተዋልኩትን እዚህ ላስቀምጥ፤ ከ11 ሥራ ብዙ መደምደም እንደማይቻል ባውቅም። በቀለም የተሣሉት ስድስቱ በአካል ሲታዩ ውጤታቸው እዚያው ገደማ ቆየ፤ አንድ ወይ ሁለት ነጥብ ሽቅብ ወይም ቁልቁል። የተሰፋው፣ የተጠረበው፣ ከሸክላ የተሠራው ግን ዘለለ። ነገሩ ግልጽ ነው። ሥዕል ከመጀመሪያውም ጠፍጣፋ ስለሆነ ስልክ ብዙ አይወስድበትም። ክር ግን ውፍረት አለው፣ እንጨት የመዶሻውና የመሮው ዱካ አለው፣ ሸክላ ጥላ አለው፤ እነዚህን ሁሉ ፎቶው ይበላቸዋል። «ማንኛውም ሚዲየም» ብለን ጠርተን በአንድ ሚዲየም፣ በፎቶግራፍ፣ ዳኝተናቸዋል። ያውም በተጨመቀ ፎቶግራፍ።

ያልመጡትስ? ከሚሴ ያለ እንጨት ጠራቢ ስደውልለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ለደሴ ሰው ነው የከፈታችሁት። እኔ ሥራዬ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። በሁለት ቀን መኪና ተከራይቼ፣ ምናልባት ደግሞ ልወድቅ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ስሕተታችንን ስናርም ያረምነው ታክሲ ለሚበቃው ሰው ነው። በቀጣዩ ጊዜ ዳኞቹ ወደ ከሚሴ፣ ባቲና ወልድያ ይሂዱ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ የነዳጅ ሒሳቡ ሲሠራ ስብሰባው ጸጥ አለ።

ሌላኛው ቅሬታ የመጣው በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ሰዎች ነው። አንድ ሠዓሊ «እኛ በወጣው ሕግ አለፍን፤ እነሱ በምሕረት ገቡ» ብሎ ወቀሰን። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ዳኝነት ሕጉን መሐል ላይ ከቀየረ ዳኝነት መሆኑ ያጠራጥራል። ከአዲስ አበባዋ ዳኛ የሰማሁት ግን የሚረሳ አይደለም። ኤልያስ ስሜን አነሣች፦ ዓመታት ሙሉ በክርና በቁልፍ ሲሰፋ የኖረ፣ ኋላም የኮምፒውተር ሽቦና ቁርጥራጭ እየጎነጎነ ግድግዳ የሚያክል ሥራ የሚሠራ፣ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተው የዞማ ሙዚየም መሥራቾች አንዱ። «እሱ ስፌት ሲሰፋ ሙዚየም ይገዛዋል፤ እትዬ ስትሰፋ ሌማት እንለዋለን። ልዩነቱ ምንድን ነው?» ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እሱ የተጠናቀቀበትን ዓመት ይሞላል» አሉ። ቀልድ ነው፤ ግን የሚቆረቁር ቀልድ ነው። ፎርም መሙላት ራሱ የተማሩት ሙያ ነው።

ስቅላት፣ ጾም፣ ፕላስተር

እንሰቅላለን ስንል የስፌቱ ነገር አስጨነቀን። ፍሬም የለው። መስታወት ይግባለት? ከበስተኋላ የእንጨት መስቀል ይሠራለት? አናጺው ሲለካ ቆይቶ ገልበጥ ሲያደርገው ከጀርባው ማንጠልጠያ ተሰፍቶበት አገኘ። «ስፌት እኮ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው» አሉ እትዬ፣ እኛን እንደ ሕፃን እያዩ። እውነታቸውን ነው። ያደግኩበት ቤት ሳሎን ግድግዳው ላይ ሥዕል አልነበረም፤ ስፌት ነበር፣ በትልቅነቱ ተራ፣ ከበር ትይዩ። «ስፌቱን ከጠረጴዛ ወደ ግድግዳ አወጣነው» ብዬ የኮራሁት ሰው፣ እኛው አውርደነው እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። መሐሉ ከወለል 150 ሴንቲ ላይ እንዲሆን አድርገን በአንድ ሚስማር ሰቀልነው።

ዐውደ ርዕዩ መጋቢት አጋማሽ ላይ ሲከፈት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። የመክፈቻ መስተንግዶ ወጪ ቀረልን፤ የጨነቀው ሰዓቱ ነው። ከአስር ሰዓት በኋላ ሰው ለአፍጥር ይበተናል። ስለዚህ ከጠዋት ሦስት እስከ ዘጠኝ ተኩል ከፈትን። ጠዋት መብራት ቢጠፋም በመስኮቱ ብርሃን ይታያል።

ለሽልማቱ ዳኝነት ፊርማዎቹ ይሸፈኑ ብዬ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። ከዚህ የባሰ ነገር አልሠራሁም። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው። ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ወራት ይፈልጋል፣ በደሴ ብርድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ከአንድ ሥዕል ላይ ፕላስተሩን ስስብ ፊርማው አብሮ መጣ፣ ከሥሩ ያለው ሰማያዊም በአውራ ጣት ስፋት። ባለቤቱን ጠርቼ ቆምኩ። አይቶ፣ አይቶ፣ «ሰማዩን በሰማይ እሞላዋለሁ፤ አንተ ግን ሁለተኛ እንዳትነካብኝ» አለ። በማግሥቱ ብሩሽ ይዞ መጥቶ ጠገነው፤ ፊርማውን በሌላኛው ጥግ ፈረመ። ፊርማ መሸፈኑ ደግሞ የጠቀመው ነገር የለም። ጋሼ አሁንም ሁሉንም በብሩሹ ያውቁታል።

አንደኛ የወጣው ብረቱ በሬ ነው። ስፌቱ አልተሸለመም፤ በሁለተኛው ዙር ከ30 ነጥብ 25.5 ያገኘው ሥራ፣ ሦስቱ ዳኞች ለሽልማት እንደገና ሲያዩት አራተኛ ሆነ። እኔ ብዳኝ ሌላ ነበር፤ ግን እኔ ጸሐፊ ነኝ።

ሕዝቡ ግን የራሱን ዳኝነት ይዞ መጣ። ሥዕሎቹ ፊት ሰው ሁለት ደቂቃ ይቆማል፣ ጦሳን አይቶ «ይኼ ከአዝዋ ገደል በኩል ነው» ይላል፣ ያልፋል። ስፌቱ ፊት የሚቆሙት እናቶች ግን ለጣታቸው ቦታ ይፈልጋሉ። አትንኩ የሚል ጽፈን ነበር፤ ማን ሰምቶ። አንዷ ከጆንያው ቀለበት ላይ ጣቷን እያስኬደች «እዚህ ጋ ላልቷል፤ እጇ አልጨከነም» አለች። ሌላዋ «የላላ አይደለም፣ ክሩ ነው የሚያዳልጠው» ብላ ተከራከረቻት። ሁለቱ ሲሟገቱ ከኋላቸው ሰልፍ ቆመ። ዳኞቻችን አንድም ጊዜ በዚያ ልክ ሥራ አልተነተኑም፤ የጋሼን ኅዳግ ጽሑፍ ይዤ ብነግርዎ አንድ መስመር ነው።

ለቀጣዩ ጥሪ የተለወጠው ጥቂት ነው። ፎቶ በፋይል ይላካል፣ በቀን ብርሃን ይነሣል፣ አንዱ ፎቶ የእጅ መዳፍ ከጎኑ ያለበት ቅርብ እይታ ይሆናል። «ፈጠራ» የሚለው ሳጥን «በራሱ ወግ ውስጥ ምን አደረገ?» በሚል ተተካ። ዳኞቹ ይህን አሻሽለው እስከ መጨረሻው እንደሚጨቃጨቁበት እገምታለሁ፤ ይጨቃጨቁ። የከሚሴው ሰው ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም።

ሥራዎቹ በሚነሡበት ቀን የበልግ ዝናብ ጀምሮ ነበር። እትዬ ላስቲክ ይዘው መጡ። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስፌቱን ሊገዛ ዋጋ ጠይቆ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ደኅና ዋጋ ነው። ሳቁ። ጠርዙን አሳዩኝ። የመጨረሻው ቀለበት አልተቋጨም፤ ሰበዙ እንደ ጸጉር ወደ ውጭ ቆሟል። ይህንን ነበር አዲስ አበባ ያለችው ዳኛ «ያላለቀ» ያለችው። ለመዝገባችን ፎርሙን አወጣሁና ባዶውን ሳጥን በእስክሪብቶ አመለከትኳቸው፤ ቢያንስ ይኼን እንሙላው ብዬ። ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርገው ምን እንደሚል አስነበቡኝ።

«ተወው እንዲሁ» አሉኝ። ስፌቱን በላስቲክ ጠቅልለው አዝለው በሸዋ በር በኩል ባጃጅ ሊይዙ ወጡ።